የኡሙልኸይር ፍላሽ

ሚደቅሳ አርባ ሦስት ኢንች ቴሌቪዥን በደረቱ አቅፎ ደረጃውን ሲወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ግን አልቆመም። ከቆመ ጎረቤት ይወጣል። ጎረቤት ከወጣ ከንፈር ይመጠጣል፣ "እግዜር ያጽናህ" ይባላል፣ እሱም "አሜን" ይላል። ሚስቱ የሻረግ ከተቀበረች ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኗ ነው። በእነዚህ ሃያ ሦስት ቀናት ያለው "አሜን" በዕድሜው ሁሉ ካለው ሳይበልጥ አይቀርም።

ኡሙልኸይር የቴሌቪዥኑ ገመድ ደረጃው ላይ እንዳይጎተት የሙሽራ ቬሎ እንደያዘች ሚዜ ጫፉን አንስታ ትከተለዋለች። ቴሌቪዥኑ የሷ ነው። ቤቷም እዚሁ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩን አልፈውት መጡ።

"ጋሽ ሚደቅሳ፣ እኔ ቤት ቢፈትኑት ይሻል ነበር" አለች። "እርስዎ ቤት ሐዘን ነው። ቲቪ ተከፈተ ቢባል ሰው ምን ይላል?"

"ድምፁን አጥፍቼ ነው የምፈትነው" አላት።

ሚደቅሳ ሠላሳ አራት ዓመት አብነት ውስጥ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ያላፈረሰው አንድ ሕግ አለው። የጠገነውን ዕቃ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኑ ሥር ሳያሠራ ለባለቤቱ አያስረክብም። በተለይ ስክሪኑን ከኋላ የሚያበራው መብራት የተቀየረለት ቴሌቪዥን ሲከፍቱት ደህና ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ሲሞቅ ነው። የኡሙልኸይርን ቴሌቪዥን የሻረግ ከመሞቷ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሶ ሳይፈትነው ሱቁ ተዘጋ። ኡሙልኸይርም አፍራ ዝም አለች። ትናንት ግን አላስቻላትም፤ መጥታ አንኳኳች። እናቷ እማማ ሀሚዳ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል፤ የሚያዩት ግድግዳ ብቻ ሆኖባቸው ተጨንቀዋል። ስለዚህ ሚደቅሳ ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን ከፈተ። የሱቁ ሰፈር ግን መብራት አልነበረውም። ቴሌቪዥኑን ይዞ ወደ ቤቱ ከመምጣት በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ ኡሙልኸይር ቤት ቁጭ እንዳይል ደግሞ አስር ሰዓት ላይ ሰው ይመጣበታል።

በሩ ላይ ሲደርሱ ኡሙልኸይር ከቦርሳዋ ትንሽ ፍላሽ አውጥታ ሰጠችው።

"በዚህ ይፈትኑት። ሁሉም የህንድ ፊልም ነው። እናቴ ከሱ ሌላ አታይም። ቋንቋውን አንድ ቃል አትሰማም፤ ግን ስታለቅስም ስትስቅም ከሁላችን ቀድማ ነው።"

ወደ ውስጥ ዘልቃ የየሻረግን ፎቶግራፍ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሻርፗን አስተካክላ፣ ምንም ሳትል ወጣች። ሚደቅሳ ለዚህ አመሰገናት። ሰው ምንም ሳይለው ሲወጣ ደስ የሚለው ሆኗል።

የቤቱ የራሱ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ነጭ ነጠላ ለብሶ ተሰቅሏል። አስከሬኑ የወጣ ዕለት ጎረቤት ሴቶች ናቸው የሸፈኑት፤ አርባው ሳይወጣ አይገለጥም። ሚደቅሳ የኡሙልኸይርን ቴሌቪዥን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ወደ ሶፋው አዞረው፤ ፍላሹን ሰካ፤ ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት። አስር ሰዓት ላይ ፈተናው ያልቃል፤ አስር ሰዓት ላይ ደግሞ ሴና ልብሷን ልትወስድ ትመጣለች።

ሴና ያለችው አንድ ልጁ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ቤቱን ለቃ ተክለ ሃይማኖት ወደሚገኘው ወደ አክስቷ ወደ ማናለብሽ ቤት ልትገባ የወሰነችው ሐሙስ ዕለት ነው። ምክንያቷን ፊት ለፊት ነግራዋለች፤ ከማን ወረሰችው እንጃ እንጂ ነገር ማለዘብ አታውቅም።

"እናቴ ሳትቀበር አንተ ሽቦ ስትልጥ ነበር" አለችው። "ከዚያ ወዲህም አንድ ዘለላ እንባ አላየሁብህም። እዚህ ቤት የማለቅሰው እኔ ብቻዬን ነኝ አባዬ። እትዬ ማናለብሽ ጋ ሄጄ ከሷ ጋር ባለቅስ ይሻለኛል።"

የሽቦው ነገር እውነት ነው። በቀብሩ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የዕድሩ ዳኛ አቶ ኃይለመለኮት ማይክሮፎን ይዞ መናገር ሲጀምር ድምፅ ማጉያው እሪ አለ። አንዱ መታው፣ ሌላው ነቀነቀው። ሚደቅሳ ከሐዘንተኛ ወንበሩ ተነሣ፤ ከኪሱ የማይለየውን መፍቻ አወጣ፤ የላላውን ሽቦ በጥርሱ ልጦ ቀጠለው። ሴት ወንዱ ሲያየው፣ ሽቦው በከንፈሩ እንደተያዘ፣ ቀና ሲል ያገኘው የልጁን ዓይን ነበር።

ሐሙስ ዕለት "አትሂጂ" ሊላት ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን "እሺ" ነው። ልብሷን ከወሰደች እንደማትመለስ ያውቃል። ሴና ከሄደች ከዚህ ቤት የሚቀረው ሶፋና እሱ ነው። ይህን ሲያስብ ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር፤ አላስደነገጠውም። ምንም አይሰማውም። ሌሊቱን ሙሉ እንደተኙበት ክንድ ሆኗል፤ ቢቆነጥጡትም የሌላ ሰው ነው። የሻረግ ሦስት ዓመት ስትታመም ከአራተኛ ፎቅ በጀርባው አውርዷታል፣ በጀርባው አውጥቷታል፣ መድኃኒቷን በሰዓት ቆጥሯል። የሞተች ዕለት መጀመሪያ የተሰማው ነገር እንቅልፍ ነበር። ይህን ለማን ይናገሩታል?

ፊልሙን ሳይመርጥ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ነካ። ድምፁን ዜሮ ላይ አደረገው። ጋቢውን ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠና እንደ ልማዱ አራቱን የስክሪን ጥግ ማየት ጀመረ። የመብራቱ ብልሽት የሚጀምረው ከጥግ ነው።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ያየው ጥግ ብቻ ነበር። መሐል ላይ የሚሆነውን ነገር ያስተዋለው አንድ ሰማያዊ መኪና ከግራ ጥግ ገብታ ወደ ቀኝ ስታልፍ ነው። ክብ ዓይን ያላት፣ ኮፈኗ የተነፋ የጥንት መኪና ናት። ከውስጧ ሦስት ሰዎች ወረዱ፤ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን፣ አንድ አጭር። ሦስቱም ቤልቦተም ለብሰዋል፤ ኮሌታቸው እስከ ትከሻ ደርሷል፤ ሪዛቸው ጉንጫቸውን ሸፍኖታል። ሚደቅሳ ሳያስበው እጁ ወደ ጉንጩ ሄደ። ልጅ ሳለ የታላቅ ወንድሙን ቤልቦተም ሰርቆ ለብሶ ወጥቶ፣ ሱሪው ረዝሞበት የሰፈሩን አቧራ ሁሉ ጠርጎ ተመልሶ በቀበቶ ተገርፏል። እነዚህም ሰዎች ሌቦች መሆናቸውን ያወቀው ወዲያው ነው። የሌባ አካሄድ ድምፅ አያስፈልገውም።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባው። ሦስቱ ሌቦች የአንድ ወርቅ ነጋዴ ካዝና ሊሰርቁ ፈልገዋል። ነጋዴው ልጁን ይድራል። ሌቦቹ የሠርግ ሙዚቀኞች መስለው ሊገቡ ቀይ ኮትና ባለ ላባ ቆብ ተከራይተዋል። ችግሩ አንዳቸውም መጫወት አለማወቃቸው ነው። ወፍራሙ ጥሩምባውን በተሳሳተ ጫፉ አፉ ውስጥ ከተተው። ሚደቅሳ እዚህ ላይ ሪሞቱን አነሣና ድምፁን ሁለት ላይ አደረገው። ድምፅ ማጉያውም መፈተን አለበት አለ ለራሱ፤ ይህ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም።

ሠርገኛው ዘፈኑን ወደደው። ሌቦቹ አንድ ክፍል ዘልቀው ካዝናው አጠገብ በደረሱ ቁጥር አንዱ አጎት መጥቶ "ድገሙት" እያለ በኮሌታቸው እየጎተተ ይመልሳቸዋል። ይባስ ብሎ ከታዳሚዎቹ መሐል የነበረው ሪዛም የፖሊስ አዛዥ እንባ እስኪያወጣ ተደስቶ ለራሱ ልጅ ሠርግ ቀጠራቸው። ወርቅ ነጋዴውም ለመልሱ ጠራቸው። ሦስቱ ሰዎች ሳይወዱ በግድ ዝነኛ እየሆኑ ነው። ወፍራሙ ይባስ ብሎ ሥራውን እየወደደው መጣ፤ ሲተኛ ጥሩምባውን አቅፎ ነው። ሚደቅሳ ድምፁን አምስት አደረገው። የስክሪኑን ጥግ ከረሳው ቆይቷል።

ቤቱ፣ ከተማው፣ ሁሉ ነገር በፊልሙ ውስጥ ወደ ሻይ ቀለም ያደላል። መደወያው የሚሽከረከር ጥቁር ስልክ፣ ጥርስ ያለው የራዲዮ ማብሪያ፣ በሴቶቹ ፀጉር ላይ የቆመ ጉልላት፣ አንዲት ልጅ መስኮት ላይ ሆና የምትሰማው የሸክላ ማጫወቻ። እንዲህ ያለውን ማጫወቻ ሚደቅሳ መጀመሪያ የጠገነው በአስራ ስድስት ዓመቱ ነው። የመርፌውን ክንድ፣ የላስቲኩን ሽታ ያስታውሳል። ማንም ሰው በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞለት አይመጣም። ደህና ዕቃዎች ነበሩ፤ ሲበላሹ እንኳ የት ጋ እንደተበላሹ ይናገሩ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ አጭሩ ሌባ ፖስታ ቤት ገባ። ለተባባሪው ስልክ ደውሎ የመጨረሻውን ዕቅድ ሊነግረው ነው። ካሜራው ስልክ ወደምታገናኘው ሴትዮ ዞረ። ወፈር ያለች ሴት ናት፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ ፊቷ ባለ መቶ ቀዳዳ ሰሌዳ፣ ጭኗ ላይ ምሳ ዕቃ። በቀኝ እጇ ትጎርሳለች፣ በግራዋ ገመዱን ነቅላ ትሰካለች። ወጥ የነካውን ጣቷን ገመዱ ላይ ጠረገችና ሳታይ ሰካችው። ስልኩ የጮኸው የፖሊስ አዛዡ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌባው ሰዓቱን፣ በሩን፣ የሚገቡበትን ክፍል አንድ በአንድ ይነግረዋል፤ አዛዡም የልጁ ሠርግ ፕሮግራም መስሎት ተደስቶ በወረቀት ይጽፋል። ሴትዮዋ ደግሞ የሁለቱንም ወሬ እየሰማች ታኝካለች።

የሻረግ ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ቴሌፎኒስት ነበረች። ምሳዋን የምትበላው ልክ እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ዋና ሥራ አስኪያጁን ከሚስቱ ጋር ላገናኝ ብላ ከሥጋ ቤት ጋር አገናኘችው። ሰውዬው "የኔ ፍቅር" አለ፤ ሥጋ ሻጩም "ስንት ኪሎ?" አለው። ይህን ስታወራ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ሳትደርስ በሳቅ ታቋርጠዋለች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚደቅሳ መጨረሻውን እሱ ነው የሚጨርስላት።

ሳቁ ከሆዱ ነው የመጣው። ሳይጠራው፣ ሳይጠብቀው። "አየሻት?" ብሎ ወደ ግራ ዞረ።

በግራው ያለው ትራስ ነው።

እንደሌለች ያውቃል። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያውቀው ኖሯል። ሳቁ ግን አልቆመም፤ የቆመ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ነገር ይመጣ ነበር፤ አልመጣም። ትራሱን እያየ ሳቀ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ሦስቱ ሌቦች በመልሱ ሁካታ መሐል ሾልከው በመጨረሻ ካዝናው ክፍል ገብተዋል። ፖሊሱ በወረቀቱ መሠረት በሰዓቱ ደርሶ ከበሩ ውጪ ዘፈን ይጠብቃል። አጭሩ ሌባ እጁን የካዝናው እጀታ ላይ አደረገ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ሊያዞረው ሲል መብራት ሄደ።

ሚደቅሳ ጥቁሩን ስክሪን አፍጥጦ አየው። ካዝናው ደጃፍ ላይ አድርሰው የዘረፉት እሱን ነው። በዚህ ደግሞ የባሰ ሳቀ። ድምፁ ኮሪደሩ ላይ እንዳይሰማ ጋቢውን አፉ ውስጥ ወተፈ፤ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዓይኑ እንባ ወረደ። ሰው ሲስቅ የሚወጣው እንባ ከሌላው እንባ በምን እንደሚለይ እስካሁን የነገረን የለም።

የሐዘን ቤት በር አይቆለፍም። አስር ሰዓት ሳይሞላ ደረጃውን የወጡት ሴናና አክስቷ ማናለብሽ፣ ከነሱ ጋር ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያገኙት አቶ ኃይለመለኮት፣ የታፈነውን ድምፅ ከውጪ ሰሙት። ማናለብሽ በሩን ስትከፍት ያየችው የእህቷ ባል ፊቱን ጋቢ ውስጥ ቀብሮ ሲንሰቀሰቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ጥቁር ቴሌቪዥን ማንም ልብ አላለውም፤ የጠጋኝ ቤት ነው።

"እህቴን" አለች ማናለብሽ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አዘቅዝቃ አስራ እየጮኸች ገባች። ድምፁን የሰሙ አራት አምስት ጎረቤቶች ከየበራቸው ወጥተው ተከተሏት። ሚደቅሳ ቀና ሲል ቤቱ ሞልቷል። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የመጨረሻዋ ሳቅ ቀርታ ኖሮ እሷ ወጣች። ማናለብሽ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ይውጣልህ" አለችው። "እኔ ልቡ ድንጋይ ነው እያልኩ ስምህን ሳጠፋ ከርሜያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አልቅስ፣ ይውጣልህ።"

አቶ ኃይለመለኮት ባርኔጣውን አውልቆ ለጎረቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው፣ ሲሞላ ነው የሚፈስሰው አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሴና ግን ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ መጥታ እግሩ ሥር ተንበረከከችና ሁለት እጁን ያዘች። ካስቀበሩ ወዲህ ነክታው አታውቅም። እጇ ሞቃት ነበር። የእጇ ሙቀት ተሰማው። በሃያ ሦስት ቀን የተሰማው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሚደቅሳም ዝም አለ። መብራት ተመልሶ በቴሌቪዥኑ ግርጌ ትንሿ ቀይ መብራት ቦግ ስትል ያያት እሱ ብቻ ነው። ከሪሞቱ አንዲት ቁልፍ ብትነካ ሦስት ቀይ ኮት የለበሱ ሰዎች ሐዘንተኛው መሐል ይወጣሉ። ሪሞቱን በጋቢው ሸፈነው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ሄዱ። ማናለብሽ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ሴናን እንዳትመጣ ነገረቻት፤ አባትሽን እንዲህ ትተሽው አትሄጂም፣ እኔ ቤት መቼም አይጠፋም አለቻት። ከዚያ ሚደቅሳን ጉንጩን ሦስት ጊዜ ሳመችው። እሷም በበኩሏ ቀለል ብሏት ነበር፤ ሰው መጥላት ያደክማል።

ሴና ባዶ ሻንጣዋን ወደ ክፍሏ መልሳ ወጣችና ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። ሁሉ ነገር አልቋል። ልጁ አትሄድም። ሚደቅሳ ማድረግ ያለበት ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው፤ በዚህ ደግሞ የሚወዳደረው የለም።

"ማታ ማታ እየተነሳሁ በርህ ላይ ጆሮዬን እለጥፍ ነበር" አለችው። "ስታለቅስ የምሰማህ መስሎኝ። ታንኮራፋለህ። ያንን ስሰማ ጠላሁህ አባዬ። እውነቴን ነው፣ ጠላሁህ። ዛሬ ገና ነው አባቴን ያየሁት።"

ሚደቅሳ ያየችውን ሰው አሰበ፤ ያንን ጋቢ ውስጥ የሚንሰቀሰቀውን። ሴና ከዛሬ ጀምሮ የምትኖረው ከዚያ ሰው ጋር ነው። ሻይ የምታፈላው ለሱ ነው፣ ለወደፊት ልጆቿ የምታወራው ስለ እሱ ነው። ሰውዬው ለጊዜው ደህና ይመስላል። ሚደቅሳ ደግሞ ለጊዜው ደህና የሚመስል ዕቃ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሳይፈትን አስረክቦ አያውቅም።

"ሴና" አለ። "አላለቀስኩም።"

"ምን?"

"ስስቅ ነበር። የህንድ ፊልም ሳይ። የኡሙልኸይርን ቲቪ ስፈትን።"

አየችው። ወደ ጠረጴዛው ዞራ ቴሌቪዥኑን አየች፤ ቀይዋን መብራት አየች። ፊቷ ላይ ሙቀቱ ሲሄድ ታየው፤ ቢሆንም ጀምሮታልና ቀጠለ። ስለ ሌቦቹ ነገራት፣ ስለ ጥሩምባው፣ ስለ ፖሊሱ። ስለ ስልክ አገናኟ ሴትዮና ስለ ምሳ ዕቃዋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ።

"እንደ እናትሽ ነው የምትበላው። 'አየሻት?' ልላት ዞርኩ።"

"እና?"

"የለችም።"

"ያኔም አላለቀስክም?"

"ያኔም አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እየተሰማኝ የምደብቅ እንዳይመስልሽ። አይሰማኝም። ሲመጣ እነግርሻለሁ፤ እስካሁን አልመጣም።"

ሴና ተነሣች። ወደ ክፍሏ ገባች። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት፣ ዚፕ ሲዘጋ ሰማ። ተነሥቶ ሊከተላት፣ ቀልዴን ነው ሊላት ይችል ነበር። አልተነሣም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ደግሞም የተናገረው እውነት ነው። ስትወጣ ሻንጣውን አልያዘችም፤ ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችው ትንሽ ቦርሳ ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

"ተናድጃለሁ" አለች። "ዛሬ እዚህ አላድርም። ለእትዬ ማናለብሽ ምን እንደምላት አላውቅም፤ ግን አልዋሽላትም።"

"አትዋሺላት።"

በሩ ላይ ደርሳ እጀታውን ይዛ ቆመች።

"ካዝናውን ከፈቱት?" አለች።

"አላየሁም። ሊከፍቱት ሲሉ መብራት ሄደ።"

"እንግዲያው እንዳታየው። ሰኞ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። መጀመሪያ ያቺን ሴትዮ ታሳየኛለህ፤ የምትበላዋን። ከዚያ ነው የቀረው።"

ደረጃውን ስትወርድ እርምጃዋን እስከ ምድር ቤት ቆጠረው። ከዚያ ሪሞቱን ከጋቢው ሥር አወጣ። ለፈተናው የሚቀረው አርባ ደቂቃ ነው። ቴሌቪዥኑን ሲከፍተው ፊልሙ ካቆመበት ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀው። ከዝርዝሩ ሌላ ፊልም መረጠ፤ አንዲት እናት ዝናብ ላይ ቆማ የምታለቅስበት። ድምፁን አጥፍቶ አርባውን ደቂቃ ጨረሰ። መብራቱ እኩል ነው፤ አልጠቆረም፣ አልተንቀጠቀጠም።

ቴሌቪዥኑን አቅፎ ሁለተኛ ፎቅ ወረደ። እማማ ሀሚዳ ከአልጋቸው ላይ ሆነው የመረቁት ገና በሩን ሲያልፍ ነው። ኡሙልኸይር ግድግዳው ላይ እንዲሰቅለው አገዘችው፤ ሻይ ካልጠጡ ብላ ያዘችው። ሚደቅሳ ግን ሻይ አልፈለገም። ሊወጣ ብሎ ቆመ፤ ጎሮሮውን ጠረገ። ከየሻረግ ሞት ወዲህ ሰው ይሰጠዋል እንጂ እሱ ማንንም ምንም ለምኖ አያውቅም።

"ፍላሹን እስከ ሰኞ ብታውሺኝ" አለ።

ኡሙልኸይር ገረማት፤ ግን አልጠየቀችም። እናቷ በፍላሹ ያለውን ሁሉ አሥር አሥር ጊዜ አይታዋለች፣ ሌላ አስጭንላታለሁ፣ ይውሰዱት አለች። የጠየቁት እማማ ሀሚዳ ናቸው። ከትራሳቸው ቀና ብለው የትኛውን እያየህ ነው አሉት።

"ሦስቱን ሌቦች ነው እማማ። ሙዚቀኞቹን።"

የእማማ ሀሚዳ ፊት በራ። "ኧረ እነሱን ነው? ካዝናውን ሲከፍቱት እኮ ልጄ፣ ውስጡ..."

"እማማ፣ ይተዉኝ" አለ ሚደቅሳ፤ እጁን ዘርግቶ ሊያስቆማቸው ወደ አልጋው ተራመደ። "አይንገሩኝ። ከልጄ ጋር ነው የማየው።"